ዎርድፕረስ፣ ጁምላ፣ ድሩፓል ወይስ ምንም? ድረ ገጻችሁን በምን ትሠሩታላችሁ?

አንዲት ወዳጄ ደወለችና «ለንባብ ክበባችን ድረ ገጽ ልንሠራ ነው፤ የትኛው ሲኤምኤስ ይሻላል?» አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ጥያቄዋን በጥያቄ መለስኩላት። «ከስድስት ወር በኋላ ማን ነው የሚጽፍበት?»

ዝም አለች። አላሰበችበትም። አብዛኞቻችን አናስብበትም። የመጀመሪያው ገጽ ምን ይመስላል እንላለን። በከለር እንከራከራለን። ማታ ደክሞት ገብቶ አንድ ፎቶና ሦስት አንቀጽ የሚለጥፈውን ሰው ግን ማንም አያስታውሰውም።

ኋላ ላይ እንደሰማሁት የክበቡን ጽሑፎች የሚያሰናዱት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ኢሜይል ይልካሉ፣ ዎርድ ላይ ይተይባሉ። ከዚያ ያለፈ የኮምፒውተር ነገር አይወዱም። ጽሑፉ ደግሞ በሁለት ቋንቋ ነው የሚወጣው። መምህሩን እዚህ ደጋግሜ አነሳቸዋለሁ። ምርጫው በመጨረሻ የእኔም የወዳጄም ሳይሆን የእሳቸው ሆኖ ነው ያረፈው።

ሲኤምኤስ ስንል የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ማለታችን ነው። ዋና ሥራው ጽሑፉን ከመልኩ መለየት ነው። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። መልኩ ቴም ወይም ቴምፕሌት ከሚባለው ይመጣል። አንባቢ ገጹን ሲከፍት ሁለቱ ይገናኛሉ። ይህን ከያዛችሁ ከታች ያለው ሁሉ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ነገር፣ ያስፈልጋችኋል ወይ?

አራት አምስት ገጽ ብቻ ያለው ድረ ገጽ ከሆነ፣ ይዘቱም በዓመት አንዴ ከተቀየረ ብዙ ከሆነ፣ ዳታቤዝና አስተዳዳሪ ገጽ ያለው ሥርዓት መትከል ትርፉ ድካም ነው። የማትጠቀሙበትን ነገር አፕዴት ስታደርጉ ትኖራላችሁ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ስታቲክ ገጽ ማመንጫዎች አሉ። ጄኪል በ2008 ወጣ፣ ሁጎ በ2013። አሠራራቸው ቀላል ነው። ጽሑፋችሁን ማርክዳውን በሚባል ቀለል ያለ አጻጻፍ በፋይል ትጽፋላችሁ። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን ወስዶ ያለቀለት ድረ ገጽ ያደርጋቸዋል። ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ኮድ የለም፣ ዳታቤዝ የለም፣ በይለፍ ቃል የሚገባበት በር የለም። ሌባ የሚሰብረው መስኮት የሌለው ቤት በሉት። ፍጥነቱም ልዩ ነው፤ ሁጎ ብዙ ሺህ ገጽ በሰከንዶች ውስጥ ያመነጫል።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አንጠቀምበትም? በመምህሩ ምክንያት። ፋይል ፍጠር፣ ከላይ ሦስት ሰረዝ አድርግ፣ ቀኑን በዚህ አጻጻፍ አስገባ፣ ከዚያ ጊት ወደሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ላክ ብላችሁ ንገሯቸውና የሚያዩአችሁን አስተያየት ተመልከቱ። የሚጽፈው ሰው ራሱ ኮድ የሚነካ ከሆነ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። የራሴ ገጽ የተሠራው በዚህ ነው።

ሁሉን ነገር የሚሠሩላችሁ አገልግሎቶች

ዊክስ፣ ስኩዌርስፔስ፣ ዌብፍሎው፣ ለሱቅ ደግሞ ሾፒፋይ። ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ ሰርቨሩን፣ አፕዴቱንና ጥበቃውን እነሱ ይይዙታል። ለብዙ ሰው በቂ ናቸው። «እውነተኛ ዴቨሎፐር ዊክስ አይነካም» የሚለውን ጉራ አትስሙት። ዴቨሎፐር ለሌለው ሰው ያ ምክር ምን ይፈይዳል?

እኔ እዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መውጫው የት ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኤክስፖርት» የሚል ፈልጉ። ሾፒፋይ የዕቃ ዝርዝራችሁን በሠንጠረዥ ፋይል ያወጣላችኋል። ስኩዌርስፔስ የተወሰነውን ይዘት ዎርድፕረስ በሚያነበው ፋይል ይሰጣችኋል፤ ሁሉን አይደለም። ዊክስ ላይ ግን ሙሉ ድረ ገጹን አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስኬድ አይቻልም። ቴምፕሌትም አንዴ ከመረጣችሁ በኋላ በሌላ ልቀይር ብትሉ ይዘቱን አዲሱ ላይ እንደገና መገንባት ነው። ይህን ዐውቆ የገባ ሰው አይከፋውም። የሚከፋው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሁለት መቶ ጽሑፍ ካስገባ በኋላ የሚደርስበት ነው።

ዎርድፕረስ

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ዎርድፕረስ በ2003 ማት ሙለንወግና ማይክ ሊትል ቢቱ ከተባለ የተተወ የብሎግ ፕሮግራም ቀድተው የጀመሩት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በእሱ ነው የሚሠሩት።

እዚህ የደረሰው በጥራቱ ብቻ አይደለም። በ2004 ሙቨብል ታይፕ የሚባለው የዚያን ጊዜ ታዋቂ ሥርዓት ፈቃዱንና የክፍያ ደንቡን ቀየረ። ብዙ ጸሐፊዎች ተናደው ነቅለው ሄዱ። የሄዱት ደግሞ በአብዛኛው ወደ ዎርድፕረስ ነው። ለመምረጥ ስትቀመጡ ይህን ታሪክ አስቡት። ፈቃዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይርም ኮዱ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

አንድ ግራ መጋባት ላጥራ። ዎርድፕረስ ዶት ኦርግና ዎርድፕረስ ዶት ኮም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ፕሮግራሙን በነፃ አውርዳችሁ ራሳችሁ ሆስቲንግ (የተከራያችሁት ሰርቨር) ላይ የምትጭኑበት ነው። ሁለተኛው ያንኑ ፕሮግራም ጭኖ የሚያከራያችሁ ድርጅት ነው። ሰው ዩቲዩብ ላይ የአንዱን ትምህርት አይቶ ሌላው ላይ ሊሞክር ሲል፣ ተጨማሪ አሠራር የሚያመጣውን ቅጥያ ፈልጎ፣ «ፕለጊን መጫኛው የታል?» እያለ ይደውላል። ስልኬ ይመስክር።

የዎርድፕረስ ጉልበት ሁሉን ነገር ሌላ ሰው አስቀድሞ ሠርቶት ማግኘታችሁ ነው። በራሱ ማውጫ ላይ ብቻ ከ50,000 በላይ ነፃ ፕለጊን አለ። ፎርም ትፈልጋላችሁ? አለ። ሱቅ? ዉኮመርስ። ሁለት ቋንቋ? ፖሊላንግ ወይም ደብሊውፒኤምኤል። ችግሩም እዚያው ነው። ከዎርድፕረስ ጋር በተያያዘ የምንሰማው የጥቃት ወሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከፕለጊን ነው። ኮሩ፣ ማለትም ዋናው ፕሮግራም፣ ከ2013 ጀምሮ ትንንሽ የጥበቃ አፕዴቶችን ራሱ ይጭናል። ደራሲው ሥራ ቀይሮ የተወውን ፕለጊን ግን ማን ይጠግንላችኋል?

ስለዚህ ፕለጊን ከመጫናችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። መቼ ነው የታደሰው? ስንት ድረ ገጽ ላይ ይሠራል? የድጋፍ ገጹ ላይ ለሚነሱ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ሰው አለ? ከመጨረሻዎቹ ሦስት ትልልቅ የዎርድፕረስ እትሞች ጋር ያልተፈተሸ ከሆነ ማውጫው ራሱ ከላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፍበታል። ያን ቢጫ ጽሑፍ ካያችሁ ዝለሉት።

ኤዲተሩን በተመለከተ፣ በታኅሣሥ 2018 የወጣው 5.0 ሁሉን ነገር ወደ ብሎክ ቀየረው። አንቀጽ ብሎክ ነው፣ ፎቶ ብሎክ ነው። ያን ጊዜ ጩኸቱ ሌላ ነበር። እስካሁንም የድሮውን ኤዲተር የሚመልሰውን ፕለጊን ሚሊዮኖች ይጠቀሙበታል። እኔም ከጯሂዎቹ አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ተመልሻለሁ፤ በተለይ በ2022 መጀመሪያ 5.9 ከወጣ ወዲህ ራስጌውንና ግርጌውንም በዚያው በብሎክ ማስተካከል ይቻላል። ድሮ ለዚህ ዴቨሎፐር ይጠራ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ምክር። ጎትቶ በመጣል ገጽ የሚሠሩ ትልልቅ ገጽ ገንቢ ፕለጊኖች አሉ። ማሳያቸው ያምራል። አንዳንዶቹ ግን ያጠፋችኋቸው ቀን ጽሑፋችሁን በማዕዘን ቅንፍ በታጨቀ ኮድ ሞልተው ይተዉታል። ከመልመዳችሁ በፊት አንድ ገጽ ሥሩና ፕለጊኑን አጥፉት። ምን እንደሚቀር እዩ። ንጹሕ ጽሑፍ ከቀረ ጥሩ። ካልቀረ ደግሞ ነጋችሁን ሸጣችኋል ማለት ነው።

ጁምላ

ስሙ የእኛንም ጆሮ ይነካል። ጁምላ ከስዋሂሊ የተወሰደ ነው፤ «ሁሉም አንድ ላይ» ማለት ነው። የእኛው ጅምላ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ ናቸው። በ2005 ማምቦ ከተባለ ሥርዓት ተገንጥሎ ወጣ። የተገነጠለውም ዴቨሎፐሮቹ ፕሮጀክቱ በማን እጅ ይሁን በሚለው ከኩባንያው ጋር ስላልተስማሙ ነው።

ብዙ ሰው ጁምላ ሞቷል ይላችኋል። አልሞተም። ተወዳጅነቱ ቀንሷል፣ ያ እውነት ነው። ግን ዎርድፕረስ ላይ በፕለጊን የምታመጧቸው ሁለት ነገሮች ኮሩ ውስጥ አሉት። አንደኛው ብዙ ቋንቋ ነው። ሁለተኛው የፈቃድ ደረጃ ነው። ማን ይጻፍ፣ ማን ያርም፣ ማን የትኛውን ክፍል ብቻ ይይ የሚለውን ረቀቅ አድርጋችሁ ትወስናላችሁ። አባላት በየክፍሉ የተለያየ ነገር የሚያዩበት ማኅበር ካላችሁ ጁምላን ሳትሞክሩ አትለፉ።

ችግሩ ማኔጅመንቱ ነው። አንድ ጽሑፍ ገጽ ላይ እንዲታይ ሜኑ፣ ምድብ፣ ሞጁል የሚባሉትን ዝምድና መረዳት ያስፈልጋል። ዴቨሎፐርም ሆነ ፕለጊን፣ እነሱ ኤክስቴንሽን የሚሉት፣ ከዎርድፕረስ ያነሰ ነው የምታገኙት።

ድሩፓል

ድሩፓል በ2001 ክፍት ኮድ ሆኖ ወጣ። ጀማሪው ድሪስ ባውታርት የቤልጅየም ተማሪ ነበር። ለድረ ገጹ በደች ቋንቋ «መንደር» የሚል ስም ሊያስመዘግብ ሲል ሁለት ፊደል አዘዋውሮ ተየበና በእንግሊዝኛ «ጠብታ» ሆነበት። ወዶት ተወው። ድሩፓል የሚለው ስም ከዚያ ጠብታ የመጣ ነው። የትየባ ስሕተት የሚያበሳጨው ሰው ይጽናናበት።

ድሩፓል ሌላ ዓይነት አስተሳሰብ ነው። ዎርድፕረስ «ጽሑፍ ጻፍ» ይላችኋል። ድሩፓል «መጀመሪያ ይዘትህ ምን ምን አለው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጽሐፍ ግምገማ ከሆነ፣ የመጽሐፉ ስም አንድ መስክ፣ ደራሲው ሌላ መስክ፣ የታተመበት ዓመት ሌላ፣ ገምጋሚው ደግሞ ከአባላት ዝርዝር የሚመረጥ። ከዚያ ቪውስ በሚባለው መሣሪያ «ከ2010 በኋላ የታተሙትን በደራሲ ስም ደርድርልኝ» ትሉታላችሁ። ኮድ ሳትጽፉ። ቪውስ ከ8ኛው እትም ጀምሮ ኮሩ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ቋንቋም እንዲሁ፤ በዚህ ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው እላለሁ።

ዩኒቨርሲቲዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚወዱት ለዚህ ነው። ሺህ ዓይነት ይዘት፣ መቶ ጸሐፊ፣ ጥብቅ የማጽደቅ ሰንሰለት።

ዋጋው ደግሞ ከባድ ነው። 7ኛው እትም በጥር 2011 ወጣ። 8ኛው በኅዳር 2015 ሲወጣ ውስጡ ከሞላ ጎደል አዲስ ፕሮግራም ነበር። መሠረቱ ሲምፎኒ የተባለው የኮድ ማዕቀፍ፣ ቴምፕሌቱ ደግሞ ትዊግ የተባለው የቴምፕሌት ቋንቋ ሆነ። ከ7 ወደ 8 መሄድ አፕዴት አልነበረም፤ ቤት መቀየር ነበር። ብዙዎች እዚያው 7 ላይ ቀሩ። ድጋፉ ተራዝሞ ተራዝሞ በጥር 2025 ተቋረጠ። ከ8 ወዲህ ያሉት ሽግግሮች ቀለል ያሉ ናቸው። ያም ሆኖ ድሩፓልን የሚይዝ ሰው ኮምፖዘር ከሚባለው መሣሪያና ከትእዛዝ መስመር መሸሽ የለበትም።

የ2014ቱንም አንርሳ። በጥቅምት ወር አንድ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘና መጠገኛው ተለቀቀ። የድሩፓል የጥበቃ ቡድን ከሁለት ሳምንት በኋላ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ይገርማል። መጠገኛው በወጣ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልጫነ ሰው ድረ ገጹ እንደተሰበረ ይቁጠረው አለ። ሰባት ሰዓት! እንቅልፍ ላይ የነበረ ሰው አልደረሰም ማለት ነው። ይህን የማወራው ድሩፓልን ለማማት አይደለም። እንዲያውም እንዲህ በግልጽ የሚናገር ቡድን ያስተማምናል። ግን ራሳችሁ የምትጭኑት ማንኛውም ሥርዓት ጠባቂ ይፈልጋል። ያ ሰው ማን ነው? ስሙን መጥራት ካልቻላችሁ ለእናንተ የሚሻለው አገልግሎቱን መከራየት ነው።

ሌሎች ሁለት፣ በአጭሩ

ጎስት በ2013 የመጣ ነው። ለሚጽፍና በኢሜይል ለተመዝጋቢ ለሚልክ ሰው የተሠራ ነው። አባልነትና ክፍያ ውስጡ አለ። ኤዲተሩ ንጹሕ ነው፣ ለዓይን ያርፋል። ሥራችሁ ጋዜጣ መሰል ከሆነ ተጠቀሙበት። ከዚያ ውጪ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ቶሎ ግድግዳ ትገጫላችሁ።

ሄድለስ የሚሉት ደግሞ አለ። ራስ የሌለው እንደማለት ነው። ስትራፒና ኮንቴንትፉል የመሳሰሉት ይዘቱን ብቻ ይይዛሉ፤ መልኩን እናንተ በፈለጋችሁት ቴክኖሎጂ ትሠራላችሁ፤ መሐሉን ኤፒአይ የሚባለው የፕሮግራሞች መነጋገሪያ ያገናኘዋል። ያው ይዘት ለድረ ገጽም ለስልክ መተግበሪያም የሚሄድ ከሆነ ግሩም ነው። ድረ ገጽ ብቻ ላለው ሰው ግን አንዱን ሥራ ሁለት ማድረግ ነው። ጸሐፊው «ሳይወጣ በፊት እንዴት እንደሚመስል ልየው» ሲላችሁ ያን ማሳያ ራሱ መገንባት ሊኖርባችሁ ይችላል።

ከመረጣችሁ በኋላ፦ በራስ ልክ ማስተካከል

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ሰው ዎርድፕረስ ሠራሁ። የገዛነው ቴም ራስጌው አልተስማማኝም። ፋይሉን ከፈትኩና እዚያው ላይ ቀየርኩት። ቆንጆ ሆነ። ሌላም ቀየርኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ስጠግን ከረምኩ። አንድ ጠዋት ባለቤቱ ዳሽቦርዱ ላይ «አዲስ እትም አለ» የሚል አይቶ ተጫነው። ሁሉም ነገር ሄደ። የቴሙ አዲስ ፋይል የእኔን ፋይል ዋጠው። ባክአፕ አለ ብዬ ሄድኩ። ባክአፑ የአንድ ወር ነው፤ እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የተወሰደ።

ጥፋቱ የባለቤቱ አልነበረም። አፕዴት ማድረግ ያለበት ሰው አደረገ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አለኝ። አፕዴት የሚነካውን ፋይል እኔ አልነካም።

ሕጉ በተግባር እንዲህ ነው። አንድ ነገር መቀየር ስፈልግ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ እፈልጋለሁ። ሰው የሚረሳው ይህን ነው፤ ግማሹ ነገር እዚያ አለ። ካጣሁ ቴሙ ራሱ የሚሰጠውን ምርጫ አያለሁ። ከለርና የፊደል መጠን ከሆነ ጥቂት መስመር ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ትበቃለች፤ ዎርድፕረስ ለዚህ የተለየ ቦታ አለው። የገጹ አጥንት ራሱ መቀየር ካለበት ቻይልድ ቴም እሠራለሁ። ይህ ከዋናው ቴም የሚወርስ፣ የቀየርኩትን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ፎልደር ነው። ዋናው ሲታደስ ልጁ አይነካም።

አሠራር ለመጨመር ሲሆን ደግሞ ሁክ የሚባል አለ። ፕሮግራሙ በሥራው መሐል «እዚህ ጋ የምትጨምረው አለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ኮዳችሁን እዚያ ላይ ታንጠለጥላላችሁ። ኮዱን የት ታስቀምጡታላችሁ? ብዙ ትምህርቶች ቴሙ ውስጥ ያለው የፈንክሽን ፋይል ላይ ለጥፉት ይላሉ። እኔ አልስማማም። ስለ መልክ ከሆነ ይሁን። «የመጽሐፍ ግምገማ» የሚል አዲስ የይዘት ዓይነት የሚፈጥር ኮድ ከሆነ ግን የራሱ ትንሽ ፕለጊን ይገባዋል። ያለዚያ ቴም የቀየራችሁ ቀን ግምገማዎቹ ከዳሽቦርዱ ይሰወራሉ። ዳታቤዙ ውስጥ አሉ፤ ግን የሚጠራቸው የለም። ይህን ያየ ሰው ላቡ ይመጣል።

ጁምላ ላይ የዚህ አምሳያ ኦቨራይድ ይባላል። ልትቀይሩት የምትፈልጉትን የገጽ ፋይል ቴምፕሌታችሁ ውስጥ ወዳለው የተለየ ፎልደር ትገለብጡና ግልባጩን ታርማላችሁ። ዋናው ሲሻሻል ግልባጩ አርጅቶ መቅረቱ ነው ክፋቱ። በ2021 የወጣው 4ኛው እትም ዋናው ሲቀየር ያሳውቃችኋል፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ድሩፓል ላይ የትዊግ ፋይሉን ወደ ራሳችሁ ቴም ገልብጣችሁ ትሠራላችሁ። አሠራር ከሆነ የራሳችሁን ሞጁል፣ የድሩፓሉን ፕለጊን፣ ትጽፋላችሁ። ኮሩን መነካካት ነውር ነው። በድሩፓል ሰዎች ዘንድ የቆየ ቀልድ አለ። ኮሩን በነካካችሁ ቁጥር አንዲት የድመት ግልገል ትሞታለች ይላሉ። እኔ በዚያች ቴም ስንት ድመት እንደጨረስኩ እንጃ።

አንድም ነገር በቀጥታ በሕዝብ ፊት ባለው ገጽ ላይ አትሞክሩ። ግልባጭ ድረ ገጽ ይኑራችሁ። ባክአፑም ከሰርቨሩ ውጪ ይቀመጥ። ቤቱ ሲቃጠል ቁልፉ እቤት ውስጥ ከነበረ ምን ዋጋ አለው? ደግሞም አንዴ መልሳችሁ ሞክሩት። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

በግዕዝ ፊደል ለሚጽፍ ሰው

ይህን የትኛውም የእንግሊዝኛ ማወዳደሪያ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ሊንኩ። ዎርድፕረስ ርእሳችሁን ወስዶ የሊንክ ጅራት ያደርገዋል። የላቲን ፊደል ካልሆነ ግን ለማስቀመጥ ይመነዝረዋል። አንድ የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ 3 ባይት ነው። እያንዳንዱ ባይት ደግሞ በፐርሰንት ምልክት ታጅቦ 3 ምልክት ይሆናል። ስለዚህ አንድ «ሰ» 9 ምልክት ትወስዳለች። የጅራቱ ጣሪያ 200 ነው። አስሉት፤ 22 ፊደል ላይ ይቆረጣል። ረዘም ያለ ርእስ ከሰጣችሁ ሊንኩ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ኮፒ አድርጋችሁ ስትልኩት ደግሞ ብዙ ጊዜ የፐርሰንት ባቡር ሆኖ ይደርሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከማተማችሁ በፊት ጅራቱን ራሳችሁ በአጭሩ ጻፉት። ድሩፓል ላይ ሊንኩን በራሱ የሚሠራው ሞጁል ፊደሉን ወደ ላቲን መገልበጥ ይችላል፤ የሚያወጣውን አጻጻፍ ግን አንዴ አይታችሁ እመኑት።

ሁለተኛ ፍለጋ። «ሃይል» ብሎ የጻፈ ሰው «ኃይል» ያለበትን ጽሑፍ አያገኝም። «ጸሐይ» እና «ፀሐይ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ከሦስቱ አንዱም ሲጫን ይህን አያውቅም። ድሩፓልን ሶልር ከሚባለው የፍለጋ ሞተር ጋር ካገናኛችሁ ፊደላትን እንደ አንድ ቁጠር ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ዎርድፕረስ ላይ ጥቂት ኮድ መጻፍ ይጠይቃል። ትንሽ ገጽ ከሆነ ርካሹ መፍትሔ ከኮድ ውጪ ነው፤ ጸሐፊዎቹ በአንድ አጻጻፍ ይስማሙ።

ሦስተኛ ቴሙ። ማሳያው ላይ ያማረው ፊደል የላቲን ነው። የእኛ ጽሑፍ ሲገባ ኮምፒውተሩ ያገኘውን ፊደል ይተካበታል፤ መስመሩ ይጠባል፣ የፊደሎቹ እግርና ራስ ይነካካል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አስገቡና የመስመር ርቀቱን ሰፋ አድርጉት። ይህም ጥቂት መስመር ሲኤስኤስ ነው። ቴም ስትመርጡ ማሳያውን አይታችሁ አትወስኑ። የራሳችሁን ጽሑፍ አስገብታችሁ ነው የሚታየው።

የመምህሩ ፈተና

ወደ ንባብ ክበቡ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ድሩፓል ላይ ነበር። መጽሐፍ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ገምጋሚ፣ ሁለት ቋንቋ፤ ሁሉም ነገር ድሩፓል ድሩፓል ይሸታል። ለእኔ እንዴት ያለ ደስ የሚል ሥራ ነበር! ግን እኔ አይደለሁም የምጽፍበት።

ስለዚህ ዎርድፕረስን፣ ጁምላንና ድሩፓልን በግልባጭ ሰርቨር ላይ ባዷቸውን ጫንኩ። መምህሩን አስቀመጥናቸው። ሥራው አንድ ነው። ከኢሜይላችሁ አንድ ግምገማ ገልብጡ፣ ፎቶ ጨምሩ፣ አትሙ፣ ከዚያ አንድ የተሳሳተ ቃል አግኝታችሁ አርሙ። እኔና ወዳጄ ከኋላ ቆመን አፋችንን ዘጋን። ይህ ፈተና ከማንኛውም የንጽጽር ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ሳትናገሩ መቆም ግን ከባድ ነው።

ጁምላ ላይ ጽሑፉን አስገቡ። አስቀመጡት። ገጹ ላይ ግን አልታየም፤ ሜኑ ውስጥ ስላልገባ። «የት ሄደ?» አሉ። ድሩፓል ላይ ቅጹን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁና «ይሄ የማመልከቻ ፎርም ነው እንዴ?» አሉን። ዎርድፕረስ ላይ ርእሱን ጻፉ፣ ለጠፉ፣ ፎቶውን ጎትተው ጣሉት። አተሙ። ስሕተቱን ለማረም ሲመለሱ ትንሽ ተንከራተቱ፤ አገኙት።

ስለዚህ ዎርድፕረስ ሆነ። አብሮት የሚመጣውን ቴም ተጠቀምን። አራት ፕለጊን ብቻ ገባ፤ ለሁለቱ ቋንቋ ፖሊላንግ፣ ለባክአፕ አንድ፣ ለፎርም አንድ፣ አራተኛው ደግሞ «የመጽሐፍ ግምገማ» የሚለውን የይዘት ዓይነት የሚፈጥር እኔ የጻፍኩት ትንሽ ኮድ። ደራሲና ዓመት የሚገባባቸው ሁለት መስኮች ከጽሑፉ ጎን ተቀመጡ፤ ባዶ ቢተዉም ምንም አይሆኑም። አፕዴቱን ወዳጄ በየሳምንቱ ሰኞ ታየዋለች። ስሟን ጠርተን ነው የተስማማነው።

መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ግምገማ አወጡ። ከዚያ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሊንኩን ለጓደኛዬ ብልክለት ቁጥርና ፐርሰንት ሆኖ ደረሰው፤ ቫይረስ ነው ብሎ አልከፍትም አለ።» ጅራቱን የሚያሳጥሩበትን ቦታ በስልክ አሳየኋቸው።